ለመጫወቻ ብቻ

በድሬዳዋ ከተማ ካቻቢቴ መያዝ በሕግ የተፈቀደበት ቦታ አንድ ብቻ ነበር፤ ከዚራ ውስጥ፣ ዛፎቹ መንገዱን ባለበሱት ሰፈር፣ ድሮ መጽሔት ይሸጥባት የነበረች አንዲት ጠባብ ክፍል። በሯ ላይ «የሪሞት መኪና ወዳጆች ማኅበር» የሚል ተጽፎባታል። ውስጧ ረጅም ጠረጴዛ፣ ከየቦታው የተለቃቀሙ ወንበሮችና ግድግዳ ላይ የተገጠመ የብረት ሣጥን አለ። የሣጥኑ ቁልፍ የሚውለው በስመኝ ደጀን አንገት ላይ ነው።

ስመኝ ሃምሳዎቹን አጋምሳለች። ከሰኞ እስከ ዓርብ ማቀዝቀዣ በሚያከራይ ድርጅት ውስጥ የደንበኞችን ስልክ ታነሣለች፤ እሑድ እሑድ ሣጥኑን ትከፍታለች። ከሣጥኑ የሚወጡት መሣሪያዎች እጀታቸው ቀይ ተቀብቷል። ቀይ ማለት ለመጫወቻ ብቻ ማለት ነው። ባለ ስድስት ማዕዘን ብሎን የሚፈቱት ብሩጎላዎች በውፍረታቸው ተራ ይደረደራሉ፤ ትንሿ ከመርፌ ብዙም አትወፍርም። ከእነሱ ቀጥሎ የጎማ ዳዶ መፍቻው፣ አፈ ቀጭኑ ፒንሳ፣ ሽቦ መቁረጫው፣ ካቻቢቴዎቹ፣ ሞረዱ፣ የእርሳስ መበየጃውና ኤሌክትሪክ የሚለካው ቴስተር ይወጣሉ። መጨረሻ ላይ ከማርሾቹ መሀል አሸዋ የሚጠረግበት አሮጌ የጥርስ ብሩሽ ይመጣል። እሱ ብቻ ቀይ አልተቀባም፤ ሕጉ ስለ ጥርስ ብሩሽ የሚለው ነገር የለም።

አባሉ የሚፈልገውን ይጠራል፣ ይቀበላል፣ ሲጨርስ ይመልሳል። ስመኝ የተመለሰውን ብሩጎላ ወደ መስኮቱ ብርሃን አንሥታ ጫፉን ታየዋለች። ማዕዘኑ ከተሸራረፈ የብሎኑን ራስ ይበላዋል፤ ራሱ የተበላ ብሎን ያላት መኪና ደግሞ ዳግመኛ አትከፈትም።

ከዚያች ክፍል ውጭ ብሎን የሚባል ነገር በዓይን አይታይም። ፍሪጁ፣ ምድጃው፣ ባጃጁ፣ የቤቱ በር ሳይቀር በኪራይ ውል የተያዘ ዕቃ ነው። ሲበላሽ ይደወላል፣ ምትክ ይመጣል፣ የተበላሸው እንደታሸገ ይወሰዳል። ውስጡ ምን እንዳለ ያየ ሰው የለም። መክፈት ውሉን ያፈርሳል፤ መክፈቻ ይዞ መገኘትም ያስቀጣል። ሕጉ ሲረቀቅ ከምክር ቤቱ አባላት አንዱ የሪሞት መኪና ይወድ ስለነበር ለመጫወቻ የሚሆን አንዲት መስመር አስገባ ይባላል። ስለዚህ በከተማው ውስጥ ካቻቢቴ መጨበጥ የሚፈልግ ሰው በሪሞት መኪና መጫወት ነበረበት።

የሚፈልግ ደግሞ አልጠፋም። ከአባላቱ መካከል ውድድሩን የሚወዱት ጥቂቶች ናቸው፤ የቀሩት የሚመጡት ለመፍታትና ለመግጠም ነው። የማኅበሩ ሰብሳቢ ጋሽ ቦጋለ ከባንክ ጡረታ የወጡ፣ ሸሚዛቸው ሁልጊዜ የተተኮሰ ሰው ናቸው። ውድድር ገብተው አያውቁም። በየሳምንቱ የመኪናቸውን የኋላ ማርሾች ፈታተው፣ ግሪስ ቀብተው፣ መልሰው ይገጥማሉ። ማርሾቹ ምንም አልሆኑም፤ ምንም ሆነውም አያውቁም። ከዚያ እጃቸውን ታጥበው፣ ፊታቸው ፈካ ብሎ ወደ ቤታቸው ይሄዳሉ።

ውድድሩ የሚካሄደው ፀሐይ በረድ ሲል፣ ደቻቱ ወንዝ ውስጥ፣ ደረቁ አሸዋ ላይ ነው። ባለፈው በጋ እዚያ አሸዋ ላይ ስመኝና ሳላህ ተጣሉ። ሳላህ ደረቅ ወደቡ ላይ ይሠራል። ክሬኖቹ ራሳቸውን ያንቀሳቅሳሉ፤ የእሱ ሥራ በመስኮት እነሱን ማየት ነው። ሪሞት ሲይዝ ግን እንደ እሱ የሚነዳ አልነበረም። በዚያ ቀን መኪናው ሁሉንም ቀደመች፤ ከሚገባው በላይ ቀደመች።

«ሞተሯ ከደንቡ ሳይበልጥ አይቀርም፤ ክፈትና አሳየን» አለችው ስመኝ።

«ሌባ ነህ እያልሽኝ ነው?»

«ክፈት ነው ያልኩህ።»

አልከፈተም። መኪናውን ብብቱ ሥር ሸጉጦ ሄደ። ከዚያ ወዲህ በማኅበሩ ደጃፍ አልታየም።

ተመልሶ የመጣው አንድ እሑድ ረፋድ ላይ ነው። በሩ ላይ ቆመ፣ ሸሚዙ በላብ ጀርባው ላይ ተጣብቋል። ጠረጴዛውን ከበው የተቀመጡት ሁሉ እጃቸውን ሰበሰቡ።

«ስመኝ» አለ። «የኢክራም ማሽን ቆመ።»

ኢክራም ሚስቱ ናት። ሳንባዋ ከታመመ ቆይቷል። ከአየር ላይ ኦክስጅን እያጣራ የሚሰጣት ማሽን አልጋዋ ጎን ቀን ከሌት ይሠራል።

«ደውለሃል?» አለች ስመኝ።

«ደወልኩ። ምትኩ ማክሰኞ ይደርሳል አሉኝ።»

«ማክሰኞ?»

«ማክሰኞ። ስለ ትዕግሥትዎ እናመሰግናለን አሉኝ።»

«ሆስፒታል ውሰዳታ!» አለ ከጠረጴዛው ጫፍ አንዱ።

«እነሱም ጋ ደውያለሁ። ምትክ የተመደበለት ሰው እንደታከመ ነው የሚቆጠረው፤ አልጋ አይሰጠውም አሉ።» ሳላህ ፊቱን በክንዱ ጠረገ። «ትንሽ የመጠባበቂያ ሲሊንደር አለች። ብትቆይ እስከ ማታ ነው። ብሩጎላዎቹን ስጪኝ፣ ከፍቼ ልየው።»

ጋሽ ቦጋለ መነጽራቸውን አወለቁ። «ሳላህ፣ ወንድሜ፣ አዝኛለሁ፤ ከልቤ ነው። ግን እነዚህ መሣሪያዎች ከመጫወቻ ሌላ ነገር ነኩ ማለት ክፍሉ ተዘጋ ማለት ነው። ሣጥኑ ይወሰዳል። ስመኝም ትከሰሳለች፤ ፈቃዱ በስሟ ነው።»

«አውቃለሁ» አለ ሳላህ። «ለዚህ ነው እሷን የምጠይቀው።»

ስመኝ ተነሣች። የጠረጴዛውን ፎጣ አነሣች፣ ከላዩ ያለውን አሸዋ አራገፈች፣ ዘረጋችው። ከዚያ መሣሪያዎቹን አንድ በአንድ መደርደር ጀመረች።

«ስመኝ» አሉ ጋሽ ቦጋለ።

«ጋሽ ቦጋለ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ያንን "ስለ ትዕግሥትዎ እናመሰግናለን" የሚለውን በየቀኑ የምናገረው ሰው ነኝ። ስልኩን ከዘጋሁት በኋላ ሰውዬው ምን እንደሚሆን አንድ ቀን አይቼ አላውቅም።» ፎጣውን ጠቀለለችው። «እስቲ ዛሬ ልየው።»

የሳላህ ቤት ወዳለበት ወደ ገንደቆሬ ሰፈር በሹፌር አልባ ባጃጅ ሄዱ። ጥቅሉ በነጠላዋ ሥር፣ ጭኗ ላይ ነበር። ባጃጁ ጉድጓድ በዘለለ ቁጥር ብረቶቹ ይንኳኩ ስለነበር በሁለት እጇ አቀፈችው።

ኢክራም ትራስ ተደግፋ ተቀምጣለች። ቀጭን ናት፣ ከንፈሯ ጠቆር ብሏል፣ ዓይኗ ግን ንቁ ነው። ከሲሊንደሩ የመጣው ቱቦ አፍንጫዋ ሥር ታስሯል፤ ጣቷ ላይ ኦክስጅኗን የምትለካ ትንሽ መሣሪያ ቆንጥጣታለች።

«ባሌን ሌባ ያልሽው አንቺ ነሽ?» አለች።

«እኔ ነኝ።»

«ጎሽ። ግቢ፣ ተቀመጪ።»

ማሽኑ ነጭ ሣጥን ነው፤ የትም በኩል መክፈቻ የለውም። ስመኝ መዳፏን በገጹ ላይ አንሸራተተች። የድርጅቱ ምልክት የተለጠፈበት ቦታ ላይ ጣቷ ሰመጥ አለ። ልጣፉን በጥፍሯ ላጠችው፤ ከሥሩ ብሎኖቹ ወጡ። ባለ አምስት ማዕዘን ናቸው። የመኪኖቹ ብሎኖች ባለ ስድስት ስለሆኑ ከብሩጎላዎቹ አንዱም አልገባ አለ።

«ሞረዱን አቀብለኝ» አለች።

ጠፍጣፋውን ካቻቢቴ ጎንና ጎኑን በሞረድ አሳሳችው። ጫፉ በሁለት ማዕዘን መሀል ገብቶ እንዲነክስ ነው። ይሞከራል፣ ይንሸራተታል፣ እንደገና ይሞረዳል። ለዓመታት ጫፉን በብርሃን እያየች ስትጠብቀው የኖረችው መሣሪያ እጇ ላይ ተበላሸ። በመጨረሻ ነከሰ። ሳላህ ሣጥኑን በጉልበቱ ቆንጥጦ ያዘ፤ ብሎኑ ጮኾ ተፈታ።

ክዳኑ ሲነሣ ሦስቱም አንገታቸውን አሰገጉ። አንድ የአየር ፓምፕ፣ ነጭ ፍሬ የሞላባቸው ሁለት ቆርቆሮዎች፣ ጥቂት ቱቦ፣ አንድ አረንጓዴ ሰሌዳ። ፓምፑን የሚያዞረው ሞተር ከአውራ ጣት ብዙም አይበልጥም። የተቃጠለ ፕላስቲክ ይሸታል።

«ይኸው ነው?» አለች ኢክራም። «ስንት ዓመት ያስተነፈሰኝ ይኸ ነው?»

ስመኝ የቴስተሩን ሁለት መርፌዎች ሞተሩ ላይ አሳረፈች። መለኪያው ምንም አላለም።

«ሞተሩ ነው የሄደው። ሌላው ደህና ይመስላል።» ቀና አለች። «ምትክ ያስፈልጋል። የእኛ መኪኖች ሞተር ደግሞ ይኼን ፓምፕ አያዞረውም፣ አቅም የለውም። ከደንቡ ከፍ ያለ ቢገኝ ኖሮ…»

ሳላህ መሬት መሬት አየ። ከዚያ ተነሥቶ ጓዳ ገባ። ሲመለስ መኪናውን ይዟል። አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጦ፣ ትንሿን ብሩጎላ አንሥቶ፣ ሽፋኗን ፈታ። ከውስጧ የወጣው ሞተር ከተፈቀደው እጥፍ ይሆናል።

 መጀመሪያ የሳቀችው ኢክራም ናት። ሳቋ ወዲያው ወደ ሳል ተቀየረ፤ ሳላህ ሮጦ ትከሻዋን ያዘ። እሷ ግን በሳሉ መሀልም መሣቋን አላቆመችም።

«አልሐምዱሊላህ» አለች ትንፋሽ ስታገኝ። «ሌባ ነው ያገባሁት።»

የሞተሩ ዘንግ ከአሮጌው ትንሽ ይቀጥናል። ስመኝ ከጓዳ ከተገኘ ባዶ ጣሳ ቀጭን ቁራጭ ቆርጣ ጠቀለለችበትና አጠበቀችው። በፕላስቲክ ማሰሪያ ከፓምፑ ጋር አሰሩት። ሳላህ ሽቦዎቹን ያዘ፣ እሷ እርሳሱን አቅልጣ በየደች። የማሽኑ ሰሌዳ ግን ይኼን ሞተር አያውቀውም፤ ሊያዘው አይችልም። የሚያዘው የመኪናዋ የራሷ መቀበያ ብቻ ነው። ስለዚህ የመኪናዋን ባትሪና መቀበያ እንዳሉ ከሣጥኑ ጎን አስቀምጠው አገናኙት።

ሳላህ ሪሞቱን አነሣ። የሪሞቱን ቃታ በጣቱ ቀስ አድርጎ ሳበ። ፓምፑ አንድ ጊዜ ተንገራገጨ፣ ከዚያ ማጉረምረም ጀመረ።

«ጨምር» አለች ስመኝ። ጨመረ፤ አንዱ ቱቦ ተነቅሎ ወጣ። መልሳ ሰካችው። «ቀንስ። ትንሽ ቀንስ። እዚያ ጋ ያዘው።»

ቱቦውን ከሲሊንደሩ ወደ ማሽኑ አዞሩት። ሁሉም የኢክራምን ጣት ያያል። ቁጥሩ ወረደ፣ እንደገና ወረደ፣ ቆመ። ቆይቶ ቆይቶ በአንድ ከፍ አለ።

«በላስቲክ እንሰረው?» አለ ሳላህ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

«አይሆንም። ባትሪው ሲደክም ፍጥነቱ ይወርዳል፣ ሞተሩ ሲግል ደግሞ ይለወጣል። እጅ ያስፈልገዋል።»

ስለዚህ በእጅ ተያዘ። ሳላህ አልጋው አጠገብ መሬት ላይ ተቀምጦ፣ ዓይኑን ከቁጥሩ ላይ ሳያነሣ፣ ሚስቱን በሪሞት አስተነፈሳት። ችግሩ ባትሪው ነበር። ለአንድ ውድድር ተብሎ የተሠራ ስለሆነ ቶሎ ያልቃል፤ ያለው ደግሞ ሁለት ብቻ ነው። ስመኝ ወደ ማኅበሩ ደወለች። ያነሡት ጋሽ ቦጋለ ናቸው። የምትፈልገውን ነገረቻቸው። ምንም ሳይመልሱ ዘጉት።

ብዙም ሳይቆይ በሩ ተንኳኳ። ጋሽ ቦጋለ የአባላቱን ባትሪዎችና ቻርጀሮች በፌስታል ሞልተው ይዘዋል።

«እኔ ባትሪ ለማድረስ ብቻ ነው የመጣሁት» አሉ። «አልተስማማሁም። ይታወቅልኝ።»

«ይታወቅልዎታል» አለች ስመኝ።

ገቡ። የተከፈተውን ማሽን አዩ። ጎንበስ ብለው ፓምፑን፣ ቱቦዎቹን፣ ነጩን ፍሬ አዩ። ኢክራምን ሰላም ማለት እንደረሱ ትዝ ያላቸው ከዚያ በኋላ ነው።

«ደህና ነሽ፣ ልጄ?»

«ጋሽ ቦጋለ፣ ባሌ ጣቱ ደንዝዟል» አለች ኢክራም። «አይናገርም እንጂ እያየሁት ነው። ሲንቀጠቀጥ ትንፋሼም አብሮ ይንቀጠቀጣል።»

ጋሽ ቦጋለ ሸሚዛቸውን ወደ ላይ ሰበሰቡና ከሳላህ ጎን መሬት ላይ ተቀመጡ። «ምን ያህል ነው የሚሳበው?» አሉ።

ከሁሉም የተረጋጋ እጅ የእሳቸው ሆነ። ውድድር ገብተው የማያውቁት ሰው ቃታውን እንደያዙ፣ ፓምፑ አንድ ዓይነት ድምፅ እያወጣ፣ ኢክራም እንቅልፍ ወሰዳት። በዚያ ቀን ስትተኛ የመጀመሪያዋ ነበር። ሳላህ ይህን ሲያይ ወደ ግድግዳው ዞረ።

ሲመሽ ሌሎቹም አባላት መጡ። ማንም ስብሰባ አልጠራም። አንዱ ይይዛል፣ አንዱ ባትሪ ይሞላል፣ አንዱ ይተኛል። የኢክራም እህት ለሁሉም ሩዝ ቀቀለች። ኢክራም የእያንዳንዱን አነዳድ ለየች፤ «ጋሽ ቦጋለ ሲይዙ ሰላማዊ ነው፣ ሳላህ ሲይዝ ግን ሽልማት የምወስድ ይመስለኛል» ትል ነበር።

ሰኞ ስመኝ ሥራ ገባች። ብትቀር ይጠየቃል። ጆሮዋ ላይ ማዳመጫውን አደረገች፣ ስልኮቹ መጡ። ረፋዱ ላይ አንድ ሰው ደወለ፤ ፍሪጁ ቆሟል፣ ውስጡ የእናቱ ኢንሱሊን አለ። ምትኩ መቼ እንደሚደርስ ስክሪኗ ላይ ታያለች፤ ሐሙስ። የምትለውንም ታውቃለች። አፏ ግን አልከፈት አለ።  መልሷ ሲዘገይ የድርጅቱ የስልክ ማሽን በእሷ ፋንታ፣ ቀድሞ በተቀዳው በራሷ ድምፅ፣ ለሰውየው መለሰለት፤ «ጥያቄዎ ደርሶናል። ስለ ትዕግሥትዎ እናመሰግናለን።» ሰውየው «አመሰግናለሁ እህቴ» ብሎ ዘጋ።

ማዳመጫውን አውልቃ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው። ድምፅዋ ከማዳመጫው ውስጥ ለሚቀጥለው ደዋይ መናገሩን ቀጠለ። ማንም ዞር ብሎ አላያትም። ቦርሳዋን አነሣችና ወደ ገንደቆሬ ሄደች።

ማክሰኞ ከቀትር በኋላ የሳላህ በር ተንኳኳ። ግራጫ ቱታ የለበሰ፣ ሠላሳዎቹ ውስጥ ያለ ሰው አዲስ ማሽን በጋሪ እየገፋ ቆሟል። ደረቱ ላይ ሚልኬሳ ተብሎ ተጽፏል። ሳላህ አስገባው።

ለመደበቅ ጊዜ አልነበረም፤ ቢኖርም አይቻልም ነበር። ባትሪዎች መስኮቱ ላይ ተደርድረው ይሞላሉ። ቀይ እጀታዎቹ ፎጣው ላይ ተዘርግተዋል። ክዳኑ የተነሣው ማሽን ወለሉ ላይ ያጉረመርማል፤ አጠገቡ አንድ የተከበሩ ሽማግሌ በካልሲ ተቀምጠው የልጅ መጫወቻ ሪሞት ይዘዋል።

ስመኝ ተነሣች። «ወንድሜ፣ የከፈትኩት እኔ ነኝ። ፈቃዱም በስሜ ነው። እነሱን አትጠይቃቸው።»

ሚልኬሳ መሣሪያዎቹን አላየም። የሚያየው አልጋውን ነበር።

«ታካሚዋ እሳቸው ናቸው?» አለ።

«እኔ ነኝ» አለች ኢክራም። «ምነው፣ ሌላ ጠብቀህ ነበር?»

ሰውየው የበሩን መቃን ያዘ። 

«እውነቱን ልንገራችሁ» አለ። «እኔ ስደርስ አብዛኛውን ጊዜ ድንኳን ተተክሎ ነው የማገኘው። አዲሱን ከመኪና አላወርደውም፤ አሮጌውን ጭኜ እመለሳለሁ። ዛሬም ድንኳን ሳጣ ሰፈር የተሳሳትኩ መስሎኝ ሁለት ጊዜ ዞሬያለሁ።» ጋሪው ላይ ያለውን ማሽን አየ። «በእጄ ካስረከብኩ ቆይቻለሁ። እንዴት እንደሚገጠም ረስቼዋለሁ።»

 የኢክራም እህት አፏን በሻርፗ ያዘች።

«ና» አለች ኢክራም። «አጠገቤ ቁጭ በል። እኔ አውቀዋለሁ፣ አሳይሃለሁ።»

እያሳየችው ገጠመ። ይኼኛው ቱቦ እዚህ፣ ያኛው ውሃ እዚያ፣ ይኼን ቁልፍ ሁለቴ። አዲሱ ማሽን ተነሣ፤ ድምፁ ለስላሳ ነው። ቱቦውን አዞሩላት። ጋሽ ቦጋለ ግን ቃታውን እንደሳቡ ናቸው።

«ጋሽ ቦጋለ፣ ይበቃል» አለች ስመኝ። «ይልቀቁት።»

ቀስ ብለው ለቀቁት። አሮጌው ፓምፕ እየዘገየ፣ እየዘገየ ቆመ። ሁሉም ወደ ኢክራም ጣት አየ። ቁጥሩ አልወረደም። ሳላህ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠ፤ ፊቱን የሚስቱ እግር ላይ ደፍቶ አለቀሰ። እሷ ራሱን እየዳሰሰች «አንተ ሰውዬ፣ እንግዳ አለ» ትለዋለች።

ሚልኬሳ የተከፈተውን ማሽን አየና ፊቱን መለሰ። «እኔ የዕቃ ውስጥ ማየት አይፈቀድልኝም» አለ። «ክዳኑ ተገጥሞ ካገኘሁት የታሸገ ነው ብዬ እወስደዋለሁ። የሚጠጣ ውሃ ይኖራል?»

ውሃውን ተቀብሎ ወደ መስኮቱ ዞረ። ጀርባውን ሰጥቷቸው በዝግታ ይጠጣ ጀመር። ስመኝና ሳላህ የመጫወቻዋን መኪና ሞተር አወጡ፣ የተቃጠለውን ወደ ቦታው መለሱ፣ ክዳኑን ገጠሙ፣ ብሎኖቹን አጠበቁ፣ ልጣፉን መልሰው ለጠፉት።

ውሃው ሳያልቅ ሚልኬሳ መናገር ጀመረ። ድምፁ መንገዱን የሚያናግር ይመስላል።

«ሳቢያን ውስጥ፣ ከውሃ ታንከሩ ጀርባ፣ ሰማያዊ በር ያለው ቤት አለ። አንዲት እናት ናቸው። ማሽናቸው ዛሬ ጠዋት ቆሟል። እኔ ሐሙስ ነው የምደርሰው።» አንድ ጊዜ ተጎነጨ። «ለገሃሬ ደግሞ ከድሮው ባቡር ጣቢያ ፊት ለፊት፣ ሁለተኛ ፎቅ፣ አንድ አስተማሪ። እሱም ሐሙስ ነው።»

ብርጭቆውን መስኮቱ ላይ አስቀመጠ።

ሳላህ ቀይ ዓይኑን ጠርጎ ተነሣ። ሞተሩን ከወለሉ ላይ አነሣው። «ሁለት ቤት ነው» አለ። «ሞተሩ አንድ ነው።»

 ጋሽ ቦጋለ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«የእኔም መኪና ውስጥ አንድ አለ» አሉ። «ከእሱ የእኔ ይተልቃል።»

ስመኝ ዞራ አየቻቸው። «እርስዎ? ውድድር ገብተው አያውቁም!»

«ለውድድር አይደለም። ትልቅ ሲሆን ሲፈቱት ደስ ይላል።» ፊታቸው ቀላ። «ጫማዬን የት ነው ያደረጋችሁት?»

መሣሪያዎቹን ሁለት ላይ ከፈሏቸው። ፒንሳው ወደ አንዱ ፎጣ ሄደ፣ ሽቦ መቁረጫው ወደ ሌላው፤ የተሞረደው ካቻቢቴ ከስመኝ ጋር ሆነ፤ ለሳላህ ጥቅል አቻውን እዚያው ቁጭ ብላ ሞረደችለት። ቢያዙ ምን እንደሚከተል ሁሉም ያውቀዋል፤ ስለዚህ ማንም አላነሣውም። ሳላህ ከሌሎቹ የማኅበሩ አባላት ጋር በእግሩ ወደ ለገሃሬ ሄደ። ኢክራም እህቷ ጋር ቀረች፤ ከአልጋዋ ሆና «ቀስ ብለህ ሳብ፣ ውድድር አይደለም!» ብላ ጮኸችበት። መጮህ ችላለች።

ሚልኬሳ አሮጌውን ማሽን ከመኪናው ኋላ ጫነ። «በሳቢያን በኩል ነው የምመለሰው» አለ። ስመኝ ከፊት ተቀመጠች፣ ጋሽ ቦጋለ ከኋላ ባትሪዎቹን አቅፈው። ከዚራ ላይ አንድ ጊዜ ቆሙ፤ ጋሽ ቦጋለ ወርደው ከማኅበሩ ክፍል መኪናቸውን አመጡ። በመንገድ ላይ ሚልኬሳ ቆርቆሮዎቹ ውስጥ ያለው ነጭ ፍሬ ምን እንደሚሠራ ጠየቀ። ስመኝ እንደማታውቅ ነገረችው፤ ሲደርሱ አብረው እንደሚያዩት ነገረችው።

ሰማያዊው በር ገርበብ ብሎ ነበር። ድንኳን የለም። ስመኝ አንኳኳች። ቆይቶ፣ ግድግዳ ተደግፈው፣ የትንሽ ሲሊንደር ቱቦ አፍንጫቸው ላይ ያለ አንዲት አሮጊት ብቅ አሉ። የሚልኬሳን ቱታ አዩ፣ በፎጣ የተጠቀለለውን አዩ፣ የመጫወቻ መኪና የታቀፉትን ሽማግሌ አዩ።

«ሐሙስ አላላችሁኝም ነበር?» አሉ። ሦስቱን ቃል ለመናገር መሀል ላይ ማረፍ ነበረባቸው።

«ድርጅቱ ሐሙስ ይመጣል፣ እማማ» አለች ስመኝ። «እኛ ሌሎች ነን።»

አሮጊቷ በሩን ከፈት አድርገው አሳለፏቸው።